«በ» አንዷ፣ እንግሊዝኛው ግን ስንት! የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም የእንግሊዝኛ አርቲክል (እነ «ኤ»፣ «አን»፣ «ዘ») እና መስተዋድድ (እነ «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አት») ካስቸገራችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ጻፋችሁልኝ፣ አመሰግናለሁ። ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር፣ ከቡሬ፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ፣ ከፍኖተ ሰላም ጥያቄ ደርሶኛል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። እንግሊዝኛውን የምጽፈው በራሳችን ፊደል ነው። ምክንያቱ ወረድ ብላችሁ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርሱ ይገባችኋል።

ቲቸር፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከፍኖተ ሰላም። ድርሰት ጽፌ ስሰጥ መምህሬ አንዱ ቦታ ላይ በቀይ «ዘ» ይጨምርብኛል፣ ሌላው ቦታ ላይ የጻፍኩትን «ዘ» ይሰርዝብኛል። አማርኛ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ ነው መሰለኝ ምንም ሊገባኝ አልቻለም።

አለ እንጂ እህቴ! አማርኛ ላይ አለ፣ የተቀመጠበት ቦታ ነው የተለየው። ልጅ ሆነሽ ማታ እሳት ዳር የሰማሻቸውን ተረቶች አስታውሺ። «አንድ ገበሬ ነበር። ገበሬው አንድ በሬ ነበረው። በሬው ታመመ።» መጀመሪያ ሲመጣ «አንድ ገበሬ» ነው፣ ምክንያቱም ገና አላወቅነውም። ሁለተኛ ሲነሳ «ገበሬው» ሆነ፣ አሁን የትኛው እንደሆነ እናውቃለን። እንግሊዝኛው የሚለውም ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ «ኤ ፋርመር»፣ ቀጥሎ «ዘ ፋርመር»። እኛ ከስሙ ጅራት ላይ «ው» ወይም «ዋ» እንቀጥላለን፣ እነሱ ከስሙ ፊት «ዘ» ያቆማሉ። ስለዚህ ስትጠራጠሪ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ በይው። ስሙ «ው»፣ «ዋ»፣ «ኢቱ» ይዞ ከመጣ፣ «ላሟ» ወይም «ላሚቱ» ካልሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ «ዘ» ይገባል።

አብዛኛውን ጊዜ ያልኩት ይህ መንገድ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች ስላሉ ነው። የመጀመሪያው «አንድ»ን የምንተውበት ነው። «አስተማሪ ነኝ» እንላለን፣ «አንድ አስተማሪ ነኝ» የሚል የለም። «ላም ገዛን» ካልን በቃ ገባን። እንግሊዝኛ ግን የሚቆጠር ነገር ነጠላ ሆኖ ባዶውን ሲቆም አይወድም። «አይ አም ቲቸር» ስህተት ነው፣ «አይ አም ኤ ቲቸር» ነው የሚባለው። «ዊ ቦት ኤ ካው» እንጂ «ዊ ቦት ካው» አይሆንም። ከማርማቸው አሥር ድርሰቶች ዘጠኙ ላይ የማገኘው ይህን ነው፣ ስለዚህ ከሁሉም በፊት እሱን አርሚ።

ሁለተኛው «ቤቱ» ነው። «ቤቱ ፈረሰ» ሲባል የምናውቀው ቤት ነው ወይስ የእሱ ቤት? አማርኛችን ሁለቱንም በአንድ ቃል ይላል፣ ከወሬው እንለየዋለን። እንግሊዝኛ ላይ መምረጥ ግዴታ ነው፣ ወይ «ዘ ሃውስ» ወይ «ሂዝ ሃውስ»። «እጁን ታጠበ» የሚለውን «ሂ ዎሽድ ዘ ሃንድስ» ብለሽ ከጻፍሽ የማን እጅ እንደሆነ ጠፋ። «ሂዝ ሃንድስ» ነው።

መምህርሽ «ዘ» የሚሰርዝብሽ ደግሞ በአጠቃላይ ስትናገሪ ይመስለኛል። «ጎጃም ውስጥ ጤፍ ይመረታል» ስንል የትኛውንም ጤፍ ነው፣ የተለየ ጤፍ አልጠቆምንም። ስለዚህ «ቴፍ ኢዝ ግሮን ኢን ጎጃም»፣ ያለ «ዘ»። «ትናንት የገዛሁት ጤፍ ድንጋይ አለው» ስትዪ ግን ያ ጤፍ ተለይቷል፣ «ዘ ቴፍ አይ ቦት የስተርዴይ» ትያለሽ። የማይቆጠሩትን ደግሞ «ኤ» አታስነኪያቸው። «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ፈርኒቸር» እኛ ጋ «አንድ መረጃ፣ ሁለት ምክር» እየተባሉ ይቆጠራሉ፣ እነሱ ጋ ግን እንደ ውኃ ናቸው፤ «ኤ»ም አይቀድማቸውም፣ የብዙ ቁጥር «ስ»ም አይከተላቸውም።

ቡሬ ነው የምሠራው፣ ፕሮጀክት ላይ። «ኤን ጂ ኦ» በ«ኤን» ፊደል ይጀምራል፣ እሱ ደግሞ ቫወል (አናባቢ) አይደለም። ታዲያ ፈረንጁ አለቃችን ለምንድነው «አን ኤን ጂ ኦ» የሚለው? «ዩኒቨርሲቲ» ደግሞ በቫወል ጀምሮ «ኤ ዩኒቨርሲቲ» ይላል።

ወንድሜ፣ ይህን ለመመለስ የኛን ፊደል የመሰለ መሣሪያ የለም። የላቲኑን ፊደል ለጊዜው እርሳው። ቃሉን እንደሚሰማው አድርገህ በአማርኛ ጻፈውና የመጀመሪያዋን ፊደል ተመልከት። ከ«አ» ቤተሰብ ከሆነች፣ ማለትም አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኣ፣ ኤ፣ እ፣ ኦ፣ «አን» በል። ከሌላ ከማንኛውም ቤተሰብ ከሆነች «ኤ» በል። አለቀ።

«ኤን ጂ ኦ» በ«ኤ» ጀመረች፣ ስለዚህ «አን»። «ዩኒቨርሲቲ» በ«ዩ» ጀመረች፣ «ዩ» የ«የ» ልጅ ናት፣ ስለዚህ «ኤ»። «ዩኒፎርም»ና «ዩሮፒያን»ም እንደዚያው። «ኤክስሬይ» እና «ኤም ኤ ዲግሪ» «አን» ይቀድማቸዋል። «ዋን ዴይ ወርክሾፕ» ሲጻፍ በላቲኑ «ኦ» ይጀምራል፣ ሲሰማ ግን «ዋ» ነው፣ ስለዚህ «ኤ ዋን ዴይ ወርክሾፕ»። ጥንቃቄ የምትፈልገው በአፍ የማትጠራው «ኤች» ናት። ሰዓት ማለት «አወር» እንጂ «ሃወር» አይደለም፣ ታማኝም «ኦነስት» ነው፣ ሁለቱም «አን» ይወስዳሉ። «ሃውስ» ግን «ሃ» ስለሚሰማ «ኤ ሃውስ»።

እኔ ይህን ክፍል ውስጥ ሳሳይ ተማሪዎች ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅባቸውም። ሕጉ የተሠራው ለጆሮ ነው፣ ፊደላችንም ጆሮ የሰማውን ነው የሚጽፈው።

ባሕር ዳር አስጎብኚ ነኝ። ቋንቋው ይገባኛል፣ እንግዶቼም ይረዱኛል፣ ግን «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አት» ላይ ሁልጊዜ እየተደናቀፍኩ ነው። «ዘ ሌክ ታና» ስልም አንድ እንግዳ አርሞኛል። በደንብ አብራራልኝ።

ይህን ጥያቄ ወደድኩት፣ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

ችግሩ የመጣው ከ«በ» ነው። ይቺ አንዲት ፊደል ስንት ሥራ እንደምትሠራ ተመልከት። በባሕር ዳር፣ በጠዋት፣ በቢላ፣ በአውቶቡስ፣ በአባቴ ስም፣ በሩጫ፣ በአሥር ብር። እንግሊዝኛ ይህን ሥራ ለብዙ ቃላት አከፋፍሎታል። ስለዚህ «በ» ስትመጣ በቀጥታ «ኢን» ብለህ አትተርጉም። መጀመሪያ ነገሩን በዓይነ ሕሊናህ አስቀምጠው። ውስጥ ነው? ላይ ነው? ወይስ ካርታ ላይ እንደተቀመጠች ነጥብ ነው? ውስጥ ከሆነ «ኢን»፣ ላይ ወይም ዳር ከሆነ «ኦን»፣ ነጥብ ከሆነ «አት»።

ከራስህ ሥራ ልውሰድ። ዳጋ እስጢፋኖስን ስታስጎበኝ «ገዳሙ በደሴት ላይ ነው፣ ደሴቱም በታና ውስጥ ነው» ትላለህ። እንግሊዝኛው «ዘ ሞናስተሪ ኢዝ ኦን አን አይላንድ ኢን ሌክ ታና» ይሆናል። ደሴት ላይ ትቆማለህ፣ ስለዚህ «ኦን»። ሐይቁ ደሴቱን ከቦታል፣ ስለዚህ «ኢን»። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደግሞ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ነው፣ «ኦን ዘ ዘጌ ፔኒንሱላ» በል። ባሕር ዳር ራሷ ሐይቁ ዳር ናት፣ «ኦን ዘ ሳውዘርን ሾር ኦፍ ሌክ ታና»። እንግዶችህን የምትጠብቃቸው ወደቡ ጋ ነው፣ ወደቡን እንደ መገናኛ ነጥብ ስለምታየው «አት ዘ ፖርት»።

መጓጓዣውም እንዲሁ ይለያያል። ቆመህ ልትንቀሳቀስበት የምትችለው ትልቅ ነገር «ኦን» ይወስዳል፣ አውቶቡስም ትልቁም ጀልባ። ጎንበስ ብለህ ገብተህ የምትቀመጥበት ትንሽ ነገር «ኢን» ነው፣ ባጃጅ፣ ታክሲ፣ የቤት መኪና። የደንገሏ ታንኳ ትንሽ ናት፣ «ኢን ኤ ታንኳ» ትላለህ። የምትፈናጠጠው ደግሞ «ኦን» ነው። ባሕር ዳር ሙሉ ብስክሌት ነው፣ «ኦን ኤ ባይሲክል»። የአዊ ፈረሰኛም «ኦን ኤ ሆርስ» ነው። በምን እንደመጣህ ብቻ መናገር ስትፈልግ አርቲክሉን ትተህ «ባይ ባስ»፣ «ባይ ቦት» በል። በእግር ሲሆን ግን «ኦን ፉት» ነው፣ «ባይ ፉት» ብለህ እንዳትሳሳት።

አሁን ወደ «ዘ ሌክ ታና»። እንግዳህ ትክክል ነው። ሐይቅ በስሙ ሲጠራ «ዘ» አይወስድም፣ ወንዝ ግን ይወስዳል። ለዚህ ባሕር ዳር ላይ ቆሞ ከማየት የተሻለ ምሳሌ የለም። «ዘ ብሉ ናይል ፍሎውስ አውት ኦፍ ሌክ ታና»፤ ወንዙ «ዘ» አለው፣ ሐይቁ የለውም። ፏፏቴውም «ዘ ብሉ ናይል ፎልስ» ነው፣ «ጢስ ዓባይ» ካልክ ግን «ዘ» አያስፈልገውም። ተራራ ብቻውን ሲጠራ ያለ «ዘ» ነው፣ ሰንሰለቱ ሲጠራ ከ«ዘ» ጋር። «ማውንት ጮቄ» ትላለህ፣ «ዘ ጮቄ ማውንቴንስ» ትላለህ። ከተማ አርቲክል የለውም። አገርም ብዙውን ጊዜ የለውም፣ እንደ «ዘ ዩናይትድ ስቴትስ» እና «ዘ ኔዘርላንድስ» ያሉ ጥቂቶች ሲቀሩ።

«ኦፍ» ያለበትን ደግሞ ለብቻው ያዘው። «የዓባይ ምንጭ» ስንል «ምንጩ» አንልም፣ ስለዚህ «ሶርስ ኦፍ ዘ ብሉ ናይል» ብለን «ዘ»ን ረስተን እንጽፋለን። ሰከላ ግሽ ዓባይ ያለው ምንጭ ግን የታወቀ ነው፣ «ዘ ሶርስ ኦፍ ዘ ብሉ ናይል» ነው መባል ያለበት። ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስትናገርም «ኪንግ ተክለ ሃይማኖት» ያለ «ዘ» ነው፣ «የጎጃም ንጉሥ» ሲሆን «ዘ ኪንግ ኦፍ ጎጃም»። ዩኒቨርሲቲም ይህንኑ መንገድ ይከተላል፤ «ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ»፣ «ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ» ያለ «ዘ»፣ «ዘ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጎንደር» ከ«ዘ» ጋር።

ደብረ ማርቆስ፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ኢሜይል በእንግሊዝኛ ነው የምንጻጻፈው። «ፕሊስ ዌይት ሚ» ብዬ ጽፌ ታረምኩ፣ «ዲስከስ አባውት» ብዬም ታረምኩ። አንዱ ላይ ጎደለ፣ አንዱ ላይ በዛ ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

ሁለቱም ከአማርኛ ግስ የመጡ ናቸው። «ጠብቀኝ» የሚለውን ተመልከት፣ «ኝ» ግሱ ውስጥ ገብታ ሥራውን ጨርሳለች፣ ሌላ መስተዋድድ አይፈለግም። እንግሊዝኛው «ዌይት ፎር ሚ» ይላል። «ስማኝ» ማለት «ሊስን ቱ ሚ» ነው፣ «እየኝ» ማለት «ሉክ አት ሚ» ነው፣ «አስረዳኝ» ማለት «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ነው። እነዚህን አራቱን ብቻ በቃልህ ብትይዝ ኢሜይልህ ላይ ትልቅ ለውጥ ታያለህ።

በተቃራኒው «ስለ በጀቱ ተወያየን» ስንል «ስለ» አለች፣ እንግሊዝኛው ግን «ዊ ዲስከስድ ዘ በጀት» ብሎ ዝም ይላል። «ወደ ክፍሉ ገባ» «ሂ ኢንተርድ ዘ ሩም» ነው፣ «ቱ» የለውም። «ደወልኩለት» ውስጥ ያለችው «ለ» ናት «አይ ኮልድ ቱ ሂም» የምታስብለን፣ ትክክሉ «አይ ኮልድ ሂም» ነው። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል ደግሞ «ማሪድ ዊዝ» እንላለን፣ የሚባለው «ማሪድ ቱ» ነው። «በሂሳብ ጎበዝ ነው»ም «ጉድ አት ማትስ» ነው፣ «ጉድ ኢን» ማለት አይመከርም። እነዚህ ሕግ የላቸውም፣ ግሱን ከነጓደኛው አንድ ላይ መያዝ ብቻ ነው። እኔ ደብተሬ ላይ አንድም የእንግሊዝኛ ግስ ለብቻው ጽፌ አላውቅም።

ለቢሮ ሰው አንዲት ተጨማሪ ልጥቀስ፣ ምክንያቱም ጉዳት ታመጣለች። «ሪፖርቱን እስከ ዓርብ ላኩ» የሚለውን «አንቲል ፍራይዴይ» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። «እስከ» አማርኛ ላይ ሁለት ትርጉም አላት። ሥራው ሳይቋረጥ እስከዚያ ቀን ከቀጠለ «አንቲል» ነው፣ «ቢሮው እስከ ዓርብ ክፍት ነው»። አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር ሆኖ ቀነ ገደብ ከተቆረጠለት ግን «ባይ» ነው፣ «ሴንድ ዘ ሪፖርት ባይ ፍራይዴይ»። «ባይ ፍራይዴይ» ሲባል ዓርብ ዕለት ብቻ ላክ ማለት አይደለም፣ ሰኞም ብትልክ ይሆናል፣ ከዓርብ አይለፍ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ይህን «ዓርብ ዕለት» ብሎ ተረድቶ የሥራ ማመልከቻውን ዓርብ ማታ ላከ። መሥሪያ ቤቱ ግን ከተዘጋ ቆይቶ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዳንግላ፣ ነርስ ነኝ። የውጭ ሐኪሞች ሲመጡ አስተረጉማለሁ። አንዱ ሐኪም «ካም ባክ ኢን ቱ ዊክስ» ሲል «በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለሺ» ብዬ ተረጎምኩ፣ ታካሚዋ በአራተኛው ቀን መጣች። ስህተቱ የእኔ ነው?

የቋንቋው ወጥመድ ነው እህቴ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም የገባሽበት። «ኢን ቱ ዊክስ» እዚህ ላይ «ከሁለት ሳምንት በኋላ» ማለት ነው። «በሁለት ሳምንት ውስጥ» የሚለው «ዊዝን ቱ ዊክስ» ነው። አንቺ ሥራ ላይ ልዩነቱ ከባድ ስለሆነ፣ ሁለተኛ ሲገጥምሽ ሐኪሙን ቀኑን ጠይቂውና ለታካሚዋ ቀኑን ራሱን ንገሪያት።

ስለ ጊዜ ካነሳሽ አይቀር፤ ቀን «ኦን» ነው፣ «ኦን መንዴይ»። ወርና ዓመት «ኢን» ነው። ሰዓት «አት» ነው፣ ግን የኛን 2 ሰዓት ጠዋት «አት 8» ብለሽ ንገሪያቸው፣ ስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። «በጠዋት» «ኢን ዘ ሞርኒንግ»፣ «በሌሊት» ደግሞ «አት ናይት»፣ ያለ «ዘ»። «ባለፈው ሳምንት» እና «በሚመጣው ወር» በ«በ» ቢጀምሩም እንግሊዝኛው ባዶ ነው፣ «ላስት ዊክ»፣ «ኔክስት መንዝ»። «ከሦስት ቀን ጀምሮ ያመኛል» ሲሉሽ «ሲንስ ስሪ ዴይስ» አትበዪ። የጊዜ ርዝመት ከሆነ «ፎር ስሪ ዴይስ»፣ የጀመረበት ቀን ከሆነ «ሲንስ መንዴይ»።

እኔ የቅኔ ተማሪ ነበርኩ፣ ሞጣ አካባቢ። አሁን በ40 ዓመቴ እንግሊዝኛ ጀምሬአለሁ። የግእዝ ሰዋስው ይጠቅመኛል ወይስ ያደናግረኛል?

በጣም ይጠቅምዎታል። እርስዎ አገባብን አንድ በአንድ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ነዎት፣ ትንንሽ ቃል ትርጉም እንደምትገለብጥ ለእርስዎ አይነገርም። ግእዝ «ውስተ»፣ «ላዕለ»፣ «ኀበ» ብሎ ይለያል፣ እንግሊዝኛም «ኢን»፣ «ኦን»፣ «ቱ» ብሎ ይለያል። አማርኛ በ«በ» እና በ«ወደ» የሸፈነውን እርስዎ ቀድሞውኑ ለይተው ያውቁታል። አንድ ቦታ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ግእዝ «በ»ን ለመሣሪያ፣ «ምስለ»ን ለአብሮነት ሲያደርግ፣ እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ዊዝ» ይላል፤ «ዊዝ ኤ ናይፍ»፣ «ዊዝ ማይ ብራዘር»። አርቲክል ላይ ግእዝ አያግዝዎትም፣ ራሱም የለውም። ለዚያ አማርኛዎን ይጠቀሙ፣ ለፍኖተ ሰላሟ ተማሪ የጻፍኩትን ያንብቡልኝ።

አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ያደግሁት ደጀን ነው። ስለ ልጅነቴ በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ ነው። «ዘ ጎጃም» ብዬ ጻፍኩና ጓደኛዬ ሁሉንም ቦታ ሰረዘው። ትክክል ነው?

ብዙው ቦታ ላይ ትክክል ነው። «አይ ግሪው አፕ ኢን ጎጃም» ስትል «ዘ» አያስፈልግም። አገሩ አንድ ነው፣ ስሙ ብቻውን ይበቃዋል። ግን «የልጅነቴ ጎጃም» ለማለት የጻፍክበት ቦታ ካለ እዚያ ይመልሰው። ከዛሬው ጎጃም ለይተህ ያንን የድሮውን እየጠቆምክ ነውና እንግሊዝኛው ይፈቅድልሃል፣ «ዘ ጎጃም ኦፍ ማይ ቻይልድሁድ»።